ወዳጅ እስከ የት ይሄዳል?



«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለውን ተረት በሰሌዳ ላይ ጽፈን አብረን አንብበነዋል። ተረቱን ሁላችሁም በቃል ስለምታውቁት ንባቡ አልከበዳችሁም። ከንባቡ በኋላ ግን አንድ ጥያቄ ተነሣ። «ሎሚማ ቀላል ነው። ሸክሙ ሎሚ ባይሆንስ? ነፍስን የሚያስይዝ ቢሆንስ? ወዳጅ እስከ የት ድረስ አብሮ ይሄዳል?»

ጥያቄው ትልቅ ነው። መልሱን ግን ሩቅ አገር ሄደን መፈለግ የለብንም። የካ ላይ ቆመን ቀና ብንል እንጦጦ ይታየናል። ከዚህ ተራራ ጋር የተያያዙ ሦስት ነገሮች እንጽፍላችኋለን። አንደኛው የየዕለት ኑሮ ነው። ሁለተኛው የሩጫ ታሪክ ነው። ሦስተኛው የ1929 ዓ.ም. ታሪክ ነው። ዋናው እርሱ ነውና በመጨረሻ እንደርስበታለን።

አሸካሚዋ

እንጦጦ ባሕር ዛፍ የለበሰ ተራራ ነው። ባሕር ዛፍ ከአውስትራልያ የመጣ ዛፍ ነው። ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው። ያን ጊዜ አዲስ አበባ ማገዶ አጥታ ተቸግራ ነበር። ይህ ፈጥኖ የሚያድግ ዛፍ ችግሯን አቃለለላት።

ማገዶው ግን በራሱ እግር ከተራራው አይወርድም። ለብዙ ዓመታት ያወረደው የሴቶች ጀርባ ነው። ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ፣ ከሽሮ ሜዳም በላይ ባለው ዳገት፣ ጭራሮና ቅጠል ተሸክመው ጎንበስ ብለው ሲወርዱ የሰፈራችን ሰው ያውቃቸዋል። አንዱ ሸክም 30 ኪሎና ከዚያም በላይ ይመዝናል። ዛሬ የተራራው አንድ ክፍል በ2013 ዓ.ም. የተከፈተ መናፈሻ ሆኗል። የእነዚያ እናቶች ድካም ግን ከሰው ልብ አልጠፋም።

ይህን ሥራ የሠራች ሴት ብትጠይቁ አንድ ነገር ትነግራችኋለች። ሸክምን መሸከም አንድ ነገር ነው፤ ከመሬት ማንሣት ሌላ ነገር ነው። ጀርባ ላይ ከወጣ በኋላ እግር እንደ ምንም ይሄዳል። ከመሬት ለመነሣት ግን የሌላ ሰው እጅ ያስፈልጋል። ስለዚህ ሴቶቹ ብቻቸውን አይወጡም። ሁለትም ሦስትም፣ አምስትም ሆነው ይወጣሉ። አንዷ ቁጭ ብላ ገመዱን በደረቷ ላይ ታጠብቃለች። ሌላዋ ከኋላ ትደግፋታለች፤ «በርቺ!» ብላ ብድግ ታደርጋታለች። ይህ ማሸከም ይባላል።

እንግዲህ እዚህ ላይ አስቡ። አንዷ ጓደኞቿን ሁሉ አሸክማ ብትጨርስ፣ እሷንስ ማን ያሸክማታል? የሌሎቹ ጀርባ ሞልቷል፤ እጃቸውም ገመድ ይዟል። እሷ ሸክሟን ከፍ ካለ አፈር ወይም ከድንጋይ ላይ አስደግፋ፣ ታግላ ትነሣለች። ሌሎቹም ጥለዋት አይሄዱም። ሸክማቸውን እንደ ተሸከሙ ቆመው ይጠብቋታል። 30 ኪሎ ተሸክሞ መቆም ደግሞ ከመሄድ ይከብዳል እንጂ አይቀልም።

ስለዚህ ጓደኝነት ሁለት ነገር አለው ማለት ነው። አንዱ ወዳጅን አሸክሞ ራስ ወደ ኋላ መቅረት ነው። ሌላው ወደ ኋላ የቀረውን ቆሞ መጠበቅ ነው። ሁለቱም ዋጋ ያስከፍላሉ። ይህን በልባችሁ ያዙትና ወደ ሁለተኛው ታሪክ እንለፍ።

ሯጮቹ

እንጦጦ የሯጮችም ተራራ ነው። ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ያህል ነው። እዚያ አየሩ ስስ ነው፤ ትንፋሽ ያጥራል። እዚያ መሮጥ የለመደ ሰው ዝቅ ወዳለ አገር ሲወርድ ትንፋሹ ይበረታል። በዚህ ምክንያት ታላላቅ ሯጮቻችን ማለዳ ተነሥተው እንጦጦ ላይ ሲለማመዱ ኖረዋል። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ከእነርሱ አንዱ ነው።

ኃይሌ በ10,000 ሜትር ሩጫ በ1988 ዓ.ም. አትላንታ ላይ፣ በ1993 ዓ.ም. ደግሞ ሲድኒ ላይ የኦሊምፒክ ወርቅ አገኘ። ሦስተኛውን ወርቅ ፍለጋ በ1996 ዓ.ም. ወደ ግሪክ ከተማ ወደ አቴና ሄደ። ያን ጊዜ ግን የተረከዙ ጅማት ታሞበት ነበር። ከእርሱ ጋር ሁለት ወጣቶች ተሰለፉ። እነርሱም ቀነኒሳ በቀለና ስለሺ ስህን ናቸው።

ውድድሩ ነሐሴ 14 ቀን ተደረገ። 10,000 ሜትር ማለት ሜዳውን 25 ጊዜ መዞር ነው። በሩጫው መካከል ኃይሌ ከፊተኞቹ ወደ ኋላ ቀረ። ቀነኒሳና ስለሺ ዞር ብለው አዩት። ከዚያም ርምጃቸውን ቀነስ አደረጉ። ታላቃቸው እንዲደርስባቸው ጠበቁት።

ይህ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። የኦሊምፒክ ውድድር የሚመጣው በ4 ዓመት አንድ ጊዜ ነው። አንድ ሯጭ ለዚያች ግማሽ ሰዓት ለማይሞላ ሩጫ ዓመታት ይለፋል። ቀስ ባሉ ጊዜ ሌላው ሯጭ ጥሏቸው ሊሄድ ይችል ነበር። የዓመታት ድካማቸው በደቂቃ ሊጠፋ ይችል ነበር። ያን እያወቁ ጠበቁ።

ኃይሌን ግን ሕመሙ አላስቻለውም። ወጣቶቹ በመጨረሻ ገሠገሡ። ቀነኒሳ አንደኛ፣ ስለሺ ሁለተኛ ወጣ። ሦስተኛ የወጣው የኤርትራው ዘረሰናይ ታደሰ ነው። ኃይሌ አምስተኛ ሆኖ ጨረሰ። እንግዲህ መጠበቃቸው ለኃይሌ ወርቅ አላመጣለትም። ዋጋ የለውም ማለት ነው? አይደለም። ሰው እስከ ዛሬ ስለዚያ ሩጫ ሲያወራ ወርቁን ብቻ አያነሣም፤ ዞር ብለው ማየታቸውንም ያነሣል።

ባለ ታክሲው

አሁን ወደ ዋናው ታሪክ ደረስን።

በሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. የፋሺስት ኢጣልያ ጦር አዲስ አበባ ገባ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሮዶልፎ ግራዚያኒ የሚባል ጄኔራል እንደራሴ ሆነ። እንደራሴ ማለት በንጉሥ ስም የሚገዛ ማለት ነው። ግራዚያኒ በጭካኔው የታወቀ ሰው ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አቡነ ጴጥሮስ በአዲስ አበባ በአደባባይ በጥይት ተደብድበው ተገደሉ። ከዚያ ቀን ወዲህ ኢጣልያንን የሚቃወም ሰው ቅጣቱ ምን እንደ ሆነ ያልገባው አልነበረም።

በዚያን ጊዜ በከተማው ሦስት ጓደኛሞች ነበሩ። አንዱ አብርሃ ደቦጭ ይባላል። በኢጣልያኖች መሥሪያ ቤት አስተርጓሚ ሆኖ ይሠራ ነበር። ሁለተኛው ሞገስ አስገዶም ይባላል። ሦስተኛው ስምዖን አደፍርስ ይባላል፤ ታክሲ የነበረው ወጣት ነው። ያን ዘመን መኪና ያለው ኢትዮጵያዊ ጥቂት ነበር። ዝም ብሎ ሥራውን ቢሠራ ኑሮ ባልከፋበትም ነበር።

የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ዕለቱ ዓርብ ነበር። የወሩ 12ኛ ቀን ሚካኤል መሆኑን የየካ ሚካኤል ሰፈር ሰው ሁሉ ያውቃል። በዚያን ቀን ግራዚያኒ የኢጣልያ ልዑል ልጅ ስለ ተወለደለት ለድሆች ምጽዋት እሰጣለሁ ብሎ ሕዝቡን ጠራ። ቦታው ስድስት ኪሎ የሚገኘው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር። ከየካ ተነሥቶ የቀበናን ወንዝ ተሻግሮ ወደ ምዕራብ ለሚሄድ ሰው ሩቅ አይደለም። ያ ግቢ ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው። እኛ የምንማረው እዚያ ነው። ፋሺስቶች የዘመናቸውን ዓመታት ለመቁጠር የሠሩት ደረጃም እስከ ዛሬ እዚያው ቆሞ ይታያል። ጫፉ ላይ ግን ዛሬ ያለው የይሁዳ አንበሳ ነው።

ሕዝቡ በግቢው ተሰብስቦ ሳለ አብርሃና ሞገስ የእጅ ቦምብ ወረወሩ። ግራዚያኒ በብዙ ፍንጣሪ ቆሰለ፤ አልሞተም። ሁለቱ ጓደኛሞች በግርግሩ መካከል አመለጡ።

ከዚያስ? ቦምብ መወርወር ደፋር ክንድ ይፈልጋል። ከተወረወረ በኋላ ግን ክንድ ብቻውን አያድንም። ከተማው በወታደር ተሞልቷል። ሁለቱን ከዚያ የሚያወጣ ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው ስምዖን ነው። በታክሲው ይዟቸው ከከተማ ወጣ። ወደ ደብረ ሊባኖስ አቅጣጫ ወሰዳቸው። ደብረ ሊባኖስ ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። መንገዱ የእንጦጦን ሰንሰለት አልፎ በሱሉልታ በኩል ያቀናል። እኛ ከየካ ቀና ብለን የምናየው ተራራ ያን ቀን በአዳኝና በታዳኝ መካከል የቆመ ግድግዳ ሆነ።

አብርሃና ሞገስ ርቀው ሄዱ። ስምዖን ግን በኢጣልያኖች እጅ ወደቀ። መርማሪዎቹ የሚፈልጉት ሁለቱን ነው። ስምዖንን አሠቃዩት። በሥቃዩም ሞተ። አብርሃና ሞገስን ግን ኢጣልያኖች አልያዟቸውም።

ይህን ታሪክ በክፍል ስናነብ አንዲት እናት እርሳሳቸውን አስቀመጡና እንዲህ አሉ። «እሱማ መጨረሻ የምትቀረዋ አሸካሚ ናት እኮ! ሁለቱን አሸክሞ አሳለፈ። እሱን ግን ማን ያንሣው?» እኛ በብዙ ቃል ልናስረዳ የፈለግነውን እርሳቸው በአንድ ትንፋሽ ጨረሱት።

የከተማው ዋጋ

ታሪኩ በዚህ ቢያበቃ ደግ ነበር። ግን አላበቃም። እውነቱን ሙሉ ለሙሉ ማንበብ አለብን።

ቦምቡ ከተወረወረበት ሰዓት ጀምሮ ፋሺስቶች በሕዝቡ ላይ ዘመቱ። ጥቁር ሸሚዝ የሚባሉት የፋሺስት ፓርቲ ሰዎች በየሰፈሩ ገቡ። ያገኙትን በጥይት፣ በጩቤና በዱላ ገደሉ። ቤት ከነሰዉ አቃጠሉ። ይህም 3 ቀን ቆየ። የኢትዮጵያ መንግሥት የሟቾቹን ቁጥር 30,000 ብሎ አቅርቧል። ኢያን ካምቤል የተባለው የታሪክ ጸሐፊ በበኩሉ 19,000 ያህል ናቸው ብሎ ገምቷል። ቁጥሩ የትኛውም ይሁን፣ የብዙ ሰው ቤት ተዘጋ። በግንቦት 1929 ዓ.ም. ደግሞ ግራዚያኒ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት እንዲገደሉ አዘዘ። ምክንያቱም ሁለቱ ወጣቶች ከገዳሙ ጋር ተገናኝተዋል የሚል ነበር።

አብርሃና ሞገስም ረጅም ዕድሜ አላገኙም። ወደ ሱዳን ለመሻገር ሲጓዙ ሳሉ በመንገድ ተገደሉ። አብረው ጀመሩት፣ አብረው ጨረሱት። አገራቸው ነፃ ስትወጣ፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም.፣ ከሦስቱ አንዱም ለማየት አልቆየም።

አንዳንድ ሰው «ታዲያ ለዚያ ሁሉ ሕዝብ ማለቅ ተጠያቂዎቹ ሦስቱ ጓደኛሞች አይደሉም ወይ?» ይላል። ጥያቄውን አንሸሸውም። የእኛ መልስ ይህ ነው። ያልታጠቀ ሰው ቤት ገብቶ የገደለ፣ የገደለው እርሱ ነው። ምጽዋት ሊቀበል የመጣ ዓይነ ስውር በቦምቡ አላመፀም፤ ቤቷ ውስጥ እንጀራ የምትጋግር እናት ማንንም አልወጋችም። እነርሱን የገደለ ሰው ኃላፊነቱን በሌላ ላይ ሊጥል አይችልም። ዕዳው የገዳዩ ነው።

ዛሬ ስድስት ኪሎ አደባባይ ላይ የየካቲት 12 መታሰቢያ ሐውልት ቆሟል። በየዓመቱ የካቲት 12 ቀን ሰው እዚያ ተሰብስቦ የሞቱትን ያስባል። በጎኑ ላይ የጭፍጨፋው ታሪክ በምስል ተቀርጿል። በታክሲ ስታልፉ ታዩታላችሁ። ታክሲ ውስጥ ሆናችሁ ስታዩት፣ ስለ አንድ ባለ ታክሲ ደግሞ አስቡ።

ወዳጅ እስከ የት አይሄድም?

እንግዲህ ወዳጅ እስከ ሞት ይሄዳል ብለን ዝም ብንል ትምህርቱ ጎደሎ ይሆናል። ለወዳጅ ሲባል የማይደረግ ነገርም አለ።

«ጓደኛዬ ነው» ብሎ በሐሰት መመስከር ጓደኝነት አይደለም። የሰረቀን ወዳጅ መደበቅ፣ የደበደበን ወዳጅ «አላየሁም» ማለት ጓደኝነት አይደለም። ስምዖን ሥቃይን የተቀበለው ሌላ ሰው እንዲበደል አይደለም። የራሱን ነፍስ አስያዘ እንጂ የጎረቤቱን ነፍስ አላስያዘም። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ታማኝ ወዳጅ ዋጋውን ከራሱ ይከፍላል። ሐሰተኛ ወዳጅ ዋጋውን ሌላ ሰው እንዲከፍል ያደርጋል።

ሁለተኛም ነገር አለ። አሸካሚዋ የምታነሣውን ሸክም ክብደት ታውቃለች። ሯጮቹ ቀስ ሲሉ ምን ሊያጡ እንደሚችሉ ያውቁ ነበር። ስምዖንም የአቡነ ጴጥሮስ ሞት በታወጀበት ከተማ ይኖር ነበርና ምን እንደሚጠብቀው አላጣውም። ታማኝነት ዐውቆ መሸከም ነው፤ ሳያውቁ መጫን አይደለም።

ይህ በየቀኑ ኑሯችን የሚመጣው በዋስ ነገር ነው። ወዳጃችሁ ገንዘብ ሲበደር «ዋስ ሁነኝ» ይላችኋል። ዋስ መሆን ደግ ነገር ነው። ብዙ ድሃ ሥራ የጀመረው ወዳጁ ዋስ ስለ ሆነው ነው። ግን ዋስ ማለት ተበዳሪው ባይከፍል እኔ እከፍላለሁ ብሎ መፈረም ማለት ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለዚህ ነገር ሁለት ቁም ነገር ይላል። አንደኛ፣ የዋስትና ውል በጽሑፍ መሆን አለበት። ሁለተኛ፣ ዋሱ ቢበዛ እስከ ስንት ብር ድረስ እንደሚከፍል በውሉ ላይ መጻፍ አለበት። ገንዘቡ ካልተጻፈ ዋስትናው አይጸናም።

ስለዚህ ዋስ ስትሆኑ ወረቀቱን ተቀብላችሁ አንብቡ። አትቸኩሉ፤ ፊደል በፊደል አንብቡ። የወዳጃችሁ ስም የት አለ? የእናንተ ስምስ? የብሩ ልክ በአኃዝም በፊደልም ተጽፏል? ቀኑስ? ያልገባችሁ ቃል ካለ ጠይቁ። «አታምነኝም ወይ?» ብሎ የሚቆጣ ወዳጅ ካለ «አምንሃለሁ፤ የምሸከመውን ግን ልወቅ» በሉት። ቀድሞ ጣት ቀለም ነክሮ ይፈርም ነበር፤ ሰውየው ምን እንደ ፈረመ አያውቅም ነበር። አሁን እናንተ አንባቢዎች ናችሁ። አንብባችሁ ስትፈርሙ ለወዳጃችሁ የምትሰጡት ቃል ይከብራል፤ ምክንያቱም ልኩን ዐውቃችሁ ሰጥታችኋል።

እንወያይ

ይህን ጽሑፍ በቤታችሁ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ ለልጆቻችሁና ለጎረቤቶቻችሁ አንብቡላቸው። ከዚያም በእነዚህ ጥያቄዎች ተወያዩ።

1. ከአሸካሚዋ፣ ከሯጮቹና ከባለ ታክሲው የትኛው ሥራ ይበልጥ ይከብዳል? ለምን?

2. በሰፈራችሁ ለወዳጁ ሲል ወደ ኋላ የቀረ ሰው ታውቃላችሁ? ማን ቆሞ ጠበቀው?

3. ለወዳጅ ሲባል ፈጽሞ የማይደረግ ነገር ምንድን ነው?

መልሳችሁን በ5 መስመር በደብተራችሁ ጻፉ። ስትጽፉ ቢያንስ አንድ ጊዜ «ታማኝ» የሚለውን ቃል አግቡበት። ቃሉ 3 ፊደል ብቻ ነው፤ ለመጻፍ አይከብድም።